ቀለም ያለው የአበባ ሥዕል በቀድሞ ዘመን እንዴት ይታተም ነበር?

ባለፈው ዓመት ለባዮሎጂ ትምህርት አበቦች በመጽሐፍ መካከል ተጭኜባቸው አድርቄ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ብገልጠው ቅርጻቸው እንዳለ ሆኖ መልካቸው ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ውኃ የበዛበት አንዱማ በስብሶ ሁለቱን ገጾች አጣብቋቸዋል። ለእኔ ነገሩ የማርክ ጉዳይ ነበር፤ ለዕፀዋት ሊቃውንት ግን ከዚህ ይከብዳል፤ የደረቀ ተክል ስለ ቀለሙ ሊመሰክር አይችልምና።

ከሁሉ ይልቅ ሲደርቁ የሚበላሹት እንደ ሊሊ ያሉት፥ ሥራቸው የሽንኩርት ራስ የሚመስል ወፍራም ተክሎች ናቸው። ፒየር ዦዜፍ ረዱቴ (1759–1840) የተባለው ሠዓሊ እነዚህን በሥዕል ለማቆየት ተነሣ። «ሌ ሊልያሴ» የተባለው ባለ 8 ክፍል መጽሐፉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1802 እስከ 1816 በፓሪስ ታተመ፤ ከተሣሉትም ተክሎች ብዙዎቹ በእቴጌ ዦዜፊን የማልሜዞን አትክልት ቦታ የበቀሉ ነበሩ።

በዚያ ዘመን የተለመደው አሠራር ሥዕሉን በጥቁር መሥመር አትሞ ኋላ በብሩሽ መቀባት ነበር። ቀቢው ሲደክመው ወይም ቀለሙን ሲያወፍረው፥ ያው አበባ በአንዱ መጽሐፍ ቀይ፥ በሌላው ሐምራዊ መስሎ ይታያል። ጥቁሩ መሥመርስ በየትኛው አበባ ላይ አለ?

በረዱቴ መጽሐፍ ግን ቀራጮቹ መዳቡን በመሥመር ፈንታ በጥቃቅን ነጥቦች ይወጉት ነበር፤ ነጥቡ ሲጠጋጋ ጥላ፥ ሲራራቅ ብርሃን ይሆናል። ከዚያ አታሚው በትንሽ የጨርቅ ጥቅል አረንጓዴውን በቅጠሉ፥ ቀዩን በአበባው ነጥቦች ውስጥ እያሸ ያስገባል። (ጥቅሉን ፈረንሳዮች «አሻንጉሊት» ይሉታል፤ ስሙ ደስ አሰኝቶኛል።) የመዳቡን ገጽ ሲጠርገው ቀለሙ በጉድጓዶቹ ብቻ ይቀራል፤ እርጥብ ወረቀት ደርቦ በማተሚያው ሲያሳልፈው ቀለሞቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወጣሉ።

እኔን ያስገረመኝ የሚከተለው ነው። አንድ ወረቀት ከታተመ በኋላ መዳቡ ቀለሙን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ለሁለተኛው ወረቀት አረንጓዴውም ቀዩም በየቦታው እንደገና መሞላት አለበት። ስለዚህ አታሚው ራሱ በየወረቀቱ ሠዓሊ ይሆናል ማለት ነው፤ ሁለት ወረቀቶችም ፍጹም አንድ አይሆኑም። በመጨረሻም ጥቃቅኑን ነገር በውኃ ቀለም በብሩሽ ያርሙት ነበር። ከ1817 እስከ 1824 የወጣው «ሌ ሮዝ» የተባለው የጽጌረዳ መጽሐፍም በዚሁ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ከጽጌረዳዎቹ አንዱን በአጉሊ መነጽር የሚመለከት ሰው የመዳቡን ነጥብ ከብሩሹ ቅብ ለይቶ ያያል።