ጣራና ግድግዳ ያለው የኮርኒሽና ዊንዘር የእንጨት ድልድይ

የድልድዩ ስፍራና አመጣጥ

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ የሚፈሰው የኮኔቲከት ወንዝ የኒው ሃምፕሻየርንና የቬርሞንትን ግዛቶች ይለያል። ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ኮርኒሽ፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ ዊንዘር የተባሉ የገጠር ከተሞች ይገኛሉ። ሁለቱን የሚያገናኘው የእንጨት ድልድይ 137 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከዳር እስከ ዳርም ጣራና ግድግዳ አለው።

በዚህ ስፍራ የመጀመሪያው ድልድይ የተሠራው በ1796 ነው (በዚህ ማብራሪያ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እርሱንም ሆነ በ1824 እና በ1849 የተሠሩትን ተተኪዎቹን ጎርፍ አፍርሷቸዋል። አሁን ያለው አራተኛው ሲሆን፣ ጄምስ ታስከርና ቤላ ፍሌቸር የተባሉ የድልድይ ሥራ ባለሙያዎች በ1866 በ9,000 ዶላር ሠርተውታል።

ጣራው ያስፈለገበት ምክንያት

ጣራው መንገደኛውን ከዝናብ፣ መንገዱን ከበረዶ ለመከላከል የተሠራ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በቅዝቃዜው ወራት ሰው የሚጓዘው መንኮራኩር በሌለው፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ባሉ ድልድዮች ወለል ላይ በረዶ ሆን ተብሎ ከውጭ እየመጣ ይነጠፍ ነበር።

ትክክለኛው ምክንያት የእንጨቱ ዕድሜ ነው። እርጥበት በማይለቀው እንጨት ላይ ፈንገስ (እንጨትን እየተመገበ የሚያበሰብስ ሕያው አካል) ይራባል። ቀድመው የሚጎዱትም ውሃ ሰርጎ የሚቀርባቸው መጋጠሚያዎች ናቸው። የጣራና የግድግዳ ሳንቃ ሲያረጅ በቀላሉ ይቀየራል፤ ሸክም ተሸካሚውን አካል መቀየር ግን ድልድዩን እንደገና ከመሥራት ብዙም አይለይም።

ይህ አሠራር በአሜሪካ የታወቀው በፊላደልፊያ ከተማ በስኩልኪል ወንዝ ላይ በተሠራው ድልድይ ነው። ያ ድልድይ በ1805 ጣራና ግድግዳ ከለበሰ በኋላ አሠራሩ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተስፋፋ።

ሸክሙን የሚሸከመው አካል

የተሽከርካሪውንም ሆነ የድልድዩን ክብደት የሚሸከመው በግራና በቀኝ የቆመው ትረስ ነው (ትረስ ማለት እንጨቶች በሦስት ማዕዘን እየተያያዙ የሚሠራ ማዕቀፍ ነው)። የሦስት ማዕዘን ጎኖች ርዝመት እስካልተለወጠ ድረስ ቅርጹ አይዛነፍም። ክብደት ሲያርፍበት ከፊሎቹ እንጨቶች ይጨመቃሉ፣ ከፊሎቹ ይሳባሉ፤ ኃይሉም በዳርና በመካከል ወዳሉት የድንጋይ መደገፊያዎች ይተላለፋል።

ለዚህ ድልድይ የተመረጠው፣ ኢትየል ታውን የተባለ አርክቴክት (የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ) በ1820 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጥልፍልፍ ትረስ ነው። በዚህ ንድፍ ዘንበል ያሉ እንጨቶች እርስ በርስ እየተሻገሩ እንደ ወንፊት ይጠላለፋሉ። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ቁራጮች ስለሚበቁት ተራ አናጺዎች ሊገጣጥሙት ይችሉ ነበር። ታስከርና ፍሌቸር ግን በተለመደው ሳንቃ ፋንታ ወፋፍራም ባለ አራት ማዕዘን እንጨቶችን ተጠቅመዋል።

አገልግሎቱና ጥገናው

ድልድዩ መጀመሪያ የግል ንብረት ስለነበር ተሻጋሪዎች ይከፍሉ ነበር። የኒው ሃምፕሻየር ግዛት በ1936 ገዛው፤ ክፍያውም በ1943 ቀረ። በመግቢያው ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ፈረሱን በእርምጃ ያልነዳ ሰው ሁለት ዶላር እንደሚቀጣ ይገልጻል። ፈረሶች በሩጫ ሲያልፉ የሚፈጠረው ተደጋጋሚ ንዝረት መጋጠሚያዎችን ሊያላላ ስለሚችል ደንቡ ለእንጨት ድልድይ አስፈላጊ ነበር።

ከረጅም አገልግሎት በኋላ ድልድዩ በ1987 ለተሽከርካሪ ተዘጋ። ጥገናው ሲጠናቀቅም በ1989 እንደገና ተከፈተ። ለማጠናከሪያ ግሉላም (ስስ እንጨቶችን በሙጫ በማጣበቅ የሚዘጋጅ ጠንካራ ወራጅ) ገብቶለታል። በ2008 በኦሃዮ ግዛት ከእርሱ የሚረዝም ባለ ጣራ ድልድይ ተሠርቷል። የኮርኒሽና ዊንዘር ድልድይ ግን ከተሠራ ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በኋላም ተሽከርካሪ ያሻግራል።