አሜን የምንለውን እንወቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፥ ብዙዎቻችን በአዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን። ከመካከላችን አባታችን ጉራጊኛና አማርኛ፥ እናታችን ግን አማርኛ ብቻ የሚናገሩ አለን። ለመስቀል አገር ቤት ሄደን አያታችን ረጅም ምርቃት ሲመርቁን፥ አሜን እያልን ወደ አባታችን ዞረን «ምን አሉ?» ያልን ጥቂቶች አይደለንም። አባታችንም ያን ሁሉ ምርቃት «እደጉ አሉ» ብለው በሁለት ቃል ይተረጉሙልናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አባት ማለዳ ወጥተው ማታ ይገባሉ። እናት በማይሰሙት ቋንቋ ሲወራ ቅር ይላቸዋል። ጎረቤትም «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያደናግረዋል» ይላል። በዚህ ምክንያት አባት ዝም ይላሉ፤ ቋንቋውም ማንም ሳይጠላው በዝምታ ከቤት ይወጣል።

ነገር ግን ሁለት ቋንቋ ሕፃንን አያደናግርም። ቃላቱን ቢቀላቅል በመማር ላይ መሆኑን ያሳያል እንጂ ጉዳት የለበትም። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ጁል ሮንዣ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ልጁ ከአባቱ ፈረንሳይኛ ከእናቱ ጀርመንኛ እየሰማ ሁለቱንም መልመዱን ገልጿል።

እንግዲህ እኛ ነገ ወላጆች ስንሆን ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ቋንቋውን የሚያውቀው ወላጅ ከልጁ ልደት ጀምሮ ሳያቋርጥ በዚያው ያነጋግረው። ልጁ በአማርኛ ቢመልስ ሳይቈጣና ሳይስቅበት ያንኑ በጉራጊኛ መልሶ ያሰማው።

ሁለተኛ፥ የማያውቀው ወላጅ ባይተዋር እንዳይሆን የተባለው ይነገረው፤ የየዕለቱንም ቃላት ከልጁ ጋር ይማር። እርሱ ካልወደደው ነገሩ አይዘልቅም።

ሦስተኛ፥ የአንድ ሰው ንግግር ብቻውን ጥቂት ነውና አያት፥ አክስትና የአገር ቤት ልጆች ይታከሉበት።

«ከአንድ ወላጅ ምን ይገኛል?» የሚል ቢኖር ጢሞቴዎስን ያስብ። አባቱ የግሪክ ሰው ነበረ (የሐዋ. 16፥1)፤ እምነቱ ግን ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደ ደረሰው ሐዋርያው ጳውሎስ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። እምነት በዚህ መንገድ ከተላለፈ ቋንቋም ይተላለፋል።

ዛሬም ቋንቋውን በግማሽ የምናውቅ አንፈር፤ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው። በሚመጣው መስቀል አሜን የምንለው ለሰማነው ምርቃት ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።