ትምህርትን በጽሑፍ ስለ ማቅረብ

የቃል ትምህርትና የጽሑፍ ትምህርት ምንጫቸው አንድ ሲሆን አካሄዳቸው ይለያያል። በጉባኤ የተቀመጠ መምህር ነገሩ ለደቀ መዝሙሩ ያልገባው እንደሆነ ከፊቱ ያውቅበታል፤ ቢጠየቅ ይመልሳል፥ በተሳሳተ ጊዜም ያቀናል። ጽሑፍ ግን ከጸሐፊው እጅ ከወጣ በኋላ ብቻውን ይሄዳል፤ ጸሐፊው ከማያውቀው ቤት ይገባል፥ በዚያም ስለ እርሱ የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ለመጽሔት የሚጽፍ መምህር አንባቢው ሊጠይቅ የሚችለውን አስቀድሞ በጽሑፉ ውስጥ ሊመልስ ይገባዋል።

ይህን የተማርነው ከራሳችን ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፥ ሲ.ኤም.ሲ በሚባለው ሰፈር ስናገለግል፥ ስለ ጾም አንድ ጽሑፍ ጽፈን ነበር። የጾምን ክብር አስፍተን ተናገርን፥ የግእዙን ቃል አበዛን፤ ስለ ሕሙማን ግን ሁሉ ያውቀዋል ብለን ምንም አልጻፍንም። ከጥቂት ቀን በኋላ በስኳር ሕመም የሚታከሙ አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው፥ «አባታችን፥ የጻፉትን አንብቤ፥ ማለዳ መርፌዬን እየተወጋሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ መዋል ጀምሬ ነበር፤ ትናንት ግን ወድቄ ሰዎች አነሡኝ። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?» አሉን። እኛም እጅግ ደነገጥን። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕመምተኛን እንደማያስገድድ ነግረን፥ ወደ ሐኪማቸውና ወደ ንስሐ አባታቸው ላክናቸው። እኒህ እናት ጠይቀው ዳኑ፤ ሳይጠይቁ የቀሩ ስንት እንደሆኑ ግን እግዚአብሔር ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ብዕር ስናነሣ አራት ነገር እንጠብቃለን።

መጀመሪያ፥ ለማን እንደምንጽፍ እንወስናለን። ቅዱስ ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ቴዎፍሎስን በስሙ ጠርቶታል። ከሲ.ኤም.ሲ በስተ ሰሜን ምዕራብ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ፥ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን የተማሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ከመጽሐፎቻቸው አንዱን «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ብለው ሲሰይሙ፥ ተናጋሪውንም ሰሚውንም በርእሱ አስታወቁ። የአንባቢውን ፊት በልቡ የሚያይ ጸሐፊ ቃሉን ይመርጣል።

ሁለተኛ፥ አንድ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይመልስ። ጾምንም ጸሎትንም ምጽዋትንም በአንድ ገጽ ብንጨምር፥ ሁሉን ነክተን አንዱንም ሳናስረዳ እንቀራለን።

ሦስተኛ፥ ምስክራችን የታመነ፥ ቃላችንም የሚገባ ይሁን። ጥቅስን መጽሐፉን ገልጠን እንጂ በትዝታ አንጻፍ። ዓመት ስንጠቅስ በእኛ ወይም በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን እንለይ፤ በመካከሉ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለና። የአባቶችን ትርጓሜ ከራሳችን አሳብ ጋር አንቀላቅል። ግእዝ ብንጠቅስ አማርኛው ይከተለው፤ ቅዱስ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥19 በማይታወቅ ልሳን ከሚነገር እልፍ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምር አምስት ቃል መርጧልና።

አራተኛ፥ ጽሑፉ ሳይታተም ይታረም። የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። እኛም እንዲሁ ጽሑፋችንን አስቀድመን ለሁለት ሰው እናንብብ። አንዱ ስሕተቱን የሚያይ ሊቅ ይሁን፤ ሁለተኛው ግን ያልተማረ ምእመን ይሁንና «ምን ገባህ? ከነገ ጀምሮስ ምን ታደርጋለህ?» ብለን እንጠይቀው። እኛ ያላሰብነውን ቢመልስ ጉድለቱ የእኛ እንጂ የእርሱ አይደለም።

ስለ ጾም የጻፍነውን በሚቀጥለው ወር አርመን ደግመን አወጣነው። የፊተኛው ግን ዛሬም በየቤቱ ተቀምጦ ይነበባል፤ ታትሞ የተበተነውን ሁሉ መልሶ መሰብሰብ አይቻልምና። ስለዚህ ወንድሞቻችን ሆይ፥ ለመጽሔት የምትጽፉ ሁሉ፥ ጽሑፋችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ብቻዋን ተቀምጣ የምታነበውን ያችን ሕመምተኛ እናት አስቡ።

እግዚአብሔር ብዕራችንን ለማነጽ እንጂ ለማሰናከል አያድርግብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።