ኤዴስዮስ ከአክሱም ይዞት የተመለሰው ትዝታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሐምሌ 26 ቀን የአባታችንን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በዓል ስናከብር ታሪኩን ከስንክሳር እንሰማለን። ፍሬምናጦስ የሚለውን ስም ከመካከላችን የማያውቀው የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ያ ታሪክ ወደ ውጭው ዓለም የደረሰው በማን አንደበት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የተናገረው ፍሬምናጦስ ራሱ አይደለም፤ ወንድሙ ኤዴስዮስ ነው። ኤዴስዮስ በልጅነቱ ወደ ሀገራችን የመጣ፣ በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገ፣ በኋላም ወደ ተወለደበት ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና የተቀበለ ሰው ነው። በግብፅና በኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት የኖረው ሩፊኖስ፣ ነገሩን በወሬ ሳይሆን ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደ ሰማው ገልጾ፣ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በላቲን ቋንቋ ባዘጋጀው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ጻፈው። ሶቅራጥስ፣ ሶዞሜኖስና ቴዎዶሪጦስ የተባሉት ታሪክ ጸሐፊዎችም ከእርሱ ተቀብለው አስተላለፉት።

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ያን ትዝታ ነው። ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከሩቅ ሆኖ፣ ስለ ኖረበት ሀገር ሲናገር ምን ያስቀድማል? ኤዴስዮስ ስለ አክሱም ሐውልቶች አንድ ቃል አልተወልንም። ስለ ወርቁ፣ ስለ ዝሆን ጥርሱ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ ግርማም አንዳች አናገኝም። የንጉሡ ስም እንኳ በሩፊኖስ መጽሐፍ የለም፤ ሀገሪቱም በዚያ ዘመን ልማድ «ህንድ» ተብላለች።

መጀመሪያ የሚነግረን ስለ አንድ ዛፍ ነው። የጢሮሱ ፈላስፋ ሜሮጵዮስ ዘመዶቹ የሆኑትን ሁለቱን ልጆች እያስተማረ፣ ሩቅ ሀገር ለማየት በመርከብ ይዟቸው ተጓዘ። ሲመለሱ መርከቢቱ ውኃና ስንቅ ልትይዝ ወደ ጠረፍ ቀረበች። የዚያ ጠረፍ ሰዎች ከሮም ጋር የነበረው ውል መፍረሱን ሰምተው ስለ ነበር በመርከቢቱ ያሉትን ሁሉ ፈጁ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ሰዎቹም ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። በዋርካ ጥላ ሥር ዳዊት የደገመ የቆሎ ተማሪ ይህን ሥዕል ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ክፍል ለልጆች ስናስተምር የመርከቡን ሰዎች መገደል ዘልለን እንድናልፍ የሚመክሩን አሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ግድያውን የፈጸሙት የገዛ ጠረፋችን ሰዎች ናቸው። ሆኖም ወገኖቹ የተገደሉበት ልጅ ስለዚያች ሀገር የተናገረውን ስናነብ የቂም ቃል አናገኝበትም። ስደትና ጭፍጨፋ ላየን ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከታሪኩ ብናወጣው የቀረው ተረት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሚያወሳው ሥራቸውን ነው። ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስን ግን አስተዋይ መሆኑን አይቶ የሒሳቡንና የጽሕፈቱን ሥራ ሰጠው፤ በኋለኛው ዘመን አነጋገር በጅሮንድነትና ጸሐፌ ትእዛዝነት እንደ ማለት ነው። ነህምያም በባዕድ ንጉሥ ፊት ጠጅ አሳላፊ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ከማኅበራችን ብዙዎቹ በሆስፒታል፣ በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያ ያገለግላሉ፤ በሀገር ቤት የነበራቸውን ማዕረግ እያሰቡም የሚያዝኑ አሉ። ኤዴስዮስ ግን ካህን ከሆነ በኋላም ጽዋ ይዞ መቆሙን አልሸሸገም።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ሁለቱን ነጻ አውጥቶ ወደ ወደዱት እንዲሄዱ ፈቀደላቸው። ንግሥቲቱ ግን ሕፃን ልጇ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቀሩ። ግዞት የነበረው ኑሮ በፈቃዳቸው የተቀበሉት አገልግሎት የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ከትዝታው ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚነካን የሚቀጥለው ነው። ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ ሳለ፣ ከሮም ግዛት ለንግድ ከሚመጡት ሰዎች መካከል ክርስቲያኖች ይኖሩ እንደ ሆነ ይጠይቅ ጀመር። አግኝቶም በየቦታው የመሰብሰቢያና የጸሎት ቤት እንዲያዘጋጁ፣ እንደ ሀገራቸውም ሥርዓት እንዲጸልዩ አደፋፈራቸው። የሚሠሩበትን ቦታና የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። እንግዲህ በኤዴስዮስ ምስክርነት በአክሱም መንግሥት የተደራጀው የመጀመሪያው ማኅበር የእንግዶች ማኅበር ነበር ማለት ነው። ሰዎቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ ዕቃቸውን ሸጠው የሚመለሱ። በራሳቸው ቋንቋና ልማድ፣ በባዕድ ሰማይ ሥር ይጸልዩ ነበር። ከእነርሱ የጸሎት ቤት አጠገብ ያለፈ የአክሱም ሰው የማያውቀውን ዜማ ሰምቶ ቆም ሳይል አይቀርም፤ ዛሬ በሌክ ሲቲ በዝናብ ውስጥ ነጠላችንን ደርበን ስናልፍ ጎረቤቶቻችን ቆም ብለው እንደሚያዩን ሁሉ። በሲያትልም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ብዙዎቹ አጥቢያዎቻችን የተጀመሩት በተውሶና በኪራይ አዳራሽ፣ ባለቤቶቹ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ በር ላይ እየተጠበቀ ነው። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥር ካለ የአዱሊስንና የአክሱምን ነጋዴዎች ያስብ።

ልጁ አድጎ መንግሥቱን ሲረከብ ሁለቱ የተሰጣቸውን አደራ አስረክበው፣ ንግሥቲቱና ንጉሡ እንዲቀሩ ቢለምኗቸውም ተሰናበቱ። መንገዳቸው የተለየው በዚህ ነው። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተጣደፈ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ፣ በ328 እ.ኤ.አ. ለተሾመው ለቅዱስ አትናቴዎስ የሆነውን ሁሉ አስረድቶ፣ ለዚያ ማኅበር ኤጲስ ቆጶስ እንዲላክለት ለመነ። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር ተመካክሮ ከእርሱ የሚሻል እንደማይገኝ አይቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው።

ለዚህ ታሪክ ሁለተኛ ምስክር አለን። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዔዛናና ለሳይዛና፣ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ እንዲልኩት የጻፈውን ደብዳቤ አትናቴዎስ በስደት ሳለ በጽሑፉ ውስጥ አስገብቶታል። በአክሱም በ1969 እ.ኤ.አ. የተገኘው የዔዛና የግሪክኛ ጽሑፍም አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል፤ በገንዘቡም ላይ የጨረቃው ምልክት ቀርቶ መስቀል ተቀርጿል። ጠጅ አሳላፊው የተናገረው በድንጋይና በብረት ጸንቶ ተገኘ።

ስለ ኤዴስዮስ ሲነሣ «እርሱማ ትቶ የሄደው ነው» ይባላል። ይህ ፍርድ የከበደ ይመስለናል። እናትና አባት ነበሩት። ከእኛ መካከል የእናቱን ሞት በስልክ የሰማ ሰው በኤዴስዮስ መጣደፍ ላይ ድንጋይ ለማንሣት አይደፍርም። ደግሞም ፍሬምናጦስ በሥራው ተጠምዶ ሳለ የተቀመጠውና የተናገረው ኤዴስዮስ ነው፤ የሚሰማና የሚጽፍም ተገኘለት።

በመካከላችን ያሉት አረጋውያን እናቶችና አባቶች የሱዳንን በረሃ ያቋረጡ፣ የመጀመሪያውን ጸበል ጻዲቅ በዚህ ከተማ ያዘጋጁ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹን በእነዚህ ዓመታት ቀብረናል፤ ትዝታቸውም አብሯቸው ሄዷል። ስለዚህ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የምንሰጠው የቤት ሥራ አንድ ብቻ ነው። ከአያቶቻችሁ ወይም ከማኅበሩ አረጋውያን አንዱን ቅረቡና፣ ከሀገር ሲወጡ መጀመሪያ የተቀመጡበት ጥላ የት እንደ ነበረና ማን እንደ ራራላቸው ጠይቁ። መልሱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም መጻፍ ይቻላል፤ የሰዎቹን ስም ግን እነርሱ እንደ ነገሯችሁ ሳትለውጡ ጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።