የቆየ የመንግሥት ቤት ልታድስ ለተነሣህ ልጄ

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅታችሁ የግንባታ ንግድ ፈቃድ ማውጣታችሁን በእኛው በሁምቦ፣ ጠበላ ገበያ ላይ ሰምቼ ደስ አለኝ። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ መሥሪያ ቤት ሲበዛ ደግሞ የቆየ ቤት መታደሱ አይቀርም። እንደ እናንተ ከሁምቦ ለሚነሣ ወጣት ሥራው ቅርብ ነው። ሳትገቡበት ግን ይህን ያዙ።

1. ከዋጋው በፊት የቤቱን ማንነት ጠይቅ። አሮጌ ቤት ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ ቅርስ የሆነው ግን እንደ ሌላው አይነካም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን እንዲፈቅድ ያዛል። ፈቃዱን ማስወጣት የአሠሪው ጉዳይ ነው ብለህ አትተወው፤ ኮፒው እጅህ ሳይገባ መዶሻ አታንሣ። አንድ ነገር ፈርሶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያፈረሰው ነው።

2. የጨረታ ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አንብብ። ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በባንክ ሲፒኦ ፋንታ ካደራጃቸው አካል በሚጻፍ የዋስትና ደብዳቤ እንዲወዳደሩ የሚፈቅድ አሠራር አለ። ሰነዱ ይህን መቀበሉን አረጋግጥ፤ ደብዳቤውንም የመዝጊያው ቀን ሳይደርስ አስጽፍ። ጎበዝ ግንበኛ ሆኖ ሳለ ባልታደሰ ንግድ ፈቃድ ወይም ባልተያያዘ የግብር ክሊራንስ የሚወድቅ ወጣት ያሳዝነኛል።

3. ዋጋ ከመሙላትህ በፊት ቤቱን በእጅህ ፈትሽ። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ አንኳኳ፤ ልስኑ ከግንቡ የለቀቀበት ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጥሃል፣ በጠመኔ አክብበው። ኮርኒሱ ውስጥ ገብተህ እንጨቱን በቢላዋ ወጋ አድርገው፤ ያለ ጉልበት ከሰመጠ ምስጥ በልቶታል ወይም በስብሷል። የሥራው ዝርዝር (ቢኦኪው) ላይ ያልተጻፈ ሥራ ካገኘህ ጨረታው ሳይዘጋ በጽሑፍ ማብራሪያ ጠይቅ።

4. ሲሚንቶን ለሁሉ መድኃኒት አታድርገው። በኖራ ወይም በጭቃ የተሠራ ግድግዳ እርጥበቱን በላዩ በኩል ያወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን ውሃው በውስጡ ይታፈንና ግድግዳውን ይጎዳል። በጎንደር አብያተ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማይስማማ ማቴሪያል የተሠራውን ጥገና ለማረም ኋላ ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኗል። ኖራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ውሃ ሲያገኝ ስለሚፈላ ዓይንህን ጠብቅ፤ በጉድጓድ ከድነህ ሳምንታት አቆየው፤ አጣርተህ በአሸዋ ለውሰው፤ ስስ ስስ አድርገህ ደርበው፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ አልብሰው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

5. የሚድነውን አትጣል። የእኛ የሁምቦ ተራራ ከ2,700 ሄክታር በላይ መሬቱ መልሶ ደን የለበሰው በአብዛኛው ከመሬት የቀረውን ጉቶ በመግረዝና በመጠበቅ ነው። ቤትም እንዲሁ ነው፤ የበሰበሰውን የመስኮት እግር ቆርጠህ ቀጥለው እንጂ መስኮቱን በሙሉ በአሉሚኒየም አትተካ። ከመንካትህ በፊት ፎቶ አንሣ፤ የነቀልከው ላይ ቁጥር ጻፍ። አዲስ አበባ ውስጥ በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ጥቅምት 2017 ታድሶ ሲከፈት የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ከነግርማው በቦታው ነበር።

6. ጨረታው ከደረጃችሁ በላይ ከሆነ ከትልቅ ተቋራጭ ሥር መግባትን አትናቁ። የእንጨት ሥራ፣ የድንጋይ ጠረባ፣ የኖራ ልስን የሚያውቅ እጅ ይፈለጋል። ነገር ግን በቃል አትግቡ፤ የሥራው ልክና የክፍያው ቀን በውል ይጻፍ።

7. ገንዘቡን ቀድመህ አስላ። የመንግሥት ክፍያ ሊዘገይ ይችላል፤ የሠራተኛ ደመወዝ ግን ቀኑን አይስትም። ቅድሚያ ክፍያውን ለዕቃና ለሥራው ብቻ አውለው። የሠራኸው ተለክቶ ይፈረምልህ፤ የተጨመረ ሥራን ያለ ደብዳቤ አትጀምር። እስከ መጨረሻው ርክክብ የሚቆየውን መያዣ ገንዘብ እንደገባልህ አትቁጠረው።

8. በትንሹ ጀምሩ። አንድ በረንዳ ወይም አንድ ጣሪያ አሳምራችሁ ካስረከባችሁ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ጠይቁ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሣውን ፎቶም አያይዛችሁ አስቀምጡ። ለሚቀጥለው ጨረታ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አታገኙም።