የቀፎውን ሥዕል ከደንብ ጋር ከማሰርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ዋግ ኽምራ የማር አገር ነው። ሰቆጣ ላይ የእንጨት ሥራ የያዘ ሰው ይዋል ይደር እንጂ የዘመናዊ ቀፎ ትእዛዝ ይመጣበታል። አንዱ ባለ 10 ፍሬም ይላል፤ ሌላው ኅብረ ንብ ለመክፈል ባለ 5 ይፈልጋል። ጣውላውም አንዴ ቀጭን፣ አንዴ ወፍራም ሆኖ ይገኛል። ሥዕሉን በአውቶዴስክ ኢንቬንተር የሚሠሩ ከሆነ፣ ከ2011 እትም ጀምሮ አብሮት የሚመጣው አይሎጂክ በየክፍሉ ፋይል ውስጥ ደንብ እንዲጽፉ ያስችልዎታል፤ ልኩን ሲቀይሩ ሥዕሉ ራሱ ይስተካከላል። ከመጀመርዎ በፊት ግን የሚከተሉትን ይመልሱ።

በእርግጥ ደንብ ያስፈልጋል? የቀፎው የውጭ ስፋት የውስጥ ስፋትና የሁለት ጣውላ ውፍረት ድምር ነው። ይህን በፓራሜትር ሠንጠረዡ ላይ በቀመር ጽፎ መተው ይበቃል። ደንብ የሚያስፈልገው «እንዲህ ከሆነ እንዲያ ይሁን» የሚባል ነገር ሲመጣ ነው፤ ለምሳሌ ጣውላው ከተወሰነ ውፍረት ሲያንስ የማዕዘኑ አገጣጠም እንዲለወጥ ከፈለጉ። እንደኔ አብዛኛው ወርክሾፕ ከቀመር ማለፍ የለበትም።

የማይነካው ልክ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አሜሪካዊው ላንግስትሮዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ተነቃቃይ ፍሬም ያለውን ቀፎ የሠራው በንብ መተላለፊያ ክፍተት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ክፍተቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሲጠብ ንቦች በሙጫ ይደፍኑታል፤ ሲሰፋ የማር እንጀራ ይሠሩበታል። በሁለቱም መንገድ ፍሬሙ ከግድግዳው ይጣበቅና አናቢው ሳይሰብር አያወጣውም። ስለዚህ ሁሉንም ልክ በአንድ ላይ የሚያሳድግ ደንብ አይጻፉ፤ ሳጥኑ ቢተልቅም ንቧ አትተልቅም። ክፍተቱን ቋሚ ያድርጉት፤ ደንቡም ከዚያ ሲወጣ እንዲያስጠነቅቅ ይዘዙት። አንድ ወጥመድ አለ፦ አይሎጂክ ፓራሜትርን በሰነዱ መለኪያ ያነብባል፤ በፕሮግራሙ የውስጥ በር (ኤፒአይ) ካነበቡት ግን ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። 8 ሚሊሜትር 0.8 ሆኖ ይመጣል።

ፋይሉ ስንት ቦታ ገብቷል? አሥሩም ፍሬሞች አንድ ፋይል ናቸው፤ ደንቡ አንዱን ሲቀይር አሥሩም ይቀየራሉ። ለፍሬም ደግ ነው። ባለ 5ና ባለ 10 ቀፎ አንድ የግድግዳ ፋይል ከተጋሩ ግን የዛሬው ትእዛዝ የአምናውን ሥዕል ያበላሻል። ፋይሉን በሌላ ስም ቀድተው ይለያዩት።

ደንቡን ማን ያስነሳዋል? የጠቀሰው ፓራሜትር ሲለወጥ ራሱ ይነሣል፤ ካልፈለጉ ይህን ማጥፋት ይቻላል። ፋይል ሲከፈት ወይም ከመቀመጡ በፊት እንዲሠራም ይታሰራል። እኔ የምመርጠው የተገጣጠመው ቀፎ ፋይል (አሴምብሊው) ላይ አንድ አዛዥ ደንብ ኖሮ የየክፍሉን ደንብ በስም እንዲጠራ ነው። ሁሉም ራሱን ካስነሣ የትኛው ምን እንደቀየረ ማወቅ ያስቸግራል። የክፍሎቹንም ስም እርስዎ ይስጡ፤ ኋላ አንዱን ስም የቀየረ ሰው ካለ አዛዡ ክፍሉን አያገኘውም።

ከሌላ ሰው የመጣ ፋይል ከሆነ ደንቡን ሳያነቡ አያስነሡ፤ ፕሮግራም ነውና።

የኢንቬንተርን ፈቃድም ያስቡበት። የትምህርት ፈቃዱ ለተማሪና ለአስተማሪ ነጻ ነው፤ ለሽያጭ ሥራ ግን አይሆንም። ለቀፎ ብቻ ከሆነ ነጻው ፍሪካድ ከነሠንጠረዡ ይበቃል።