ዚንክ ሰልፌትን ከማግኒዥየም ሰልፌት በላብራቶሪ ለይቶ ማወቅ
(ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኅብረት ሥራ ማኅበራት «ዚንክ ሰልፌት» ተብሎ የሚቀርብላቸው ነጭ ክሪስታል በእርግጥ የዚንክ ጨው መሆን አለመሆኑን ከመረከባቸው በፊት እንዲመረምሩ ማስቻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ጥናት ከናይትሮጂንና ከፎስፈረስ ሌላ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክም በብዙ አካባቢዎች እንደሚጎድሉ ካመለከተ ወዲህ ዚንክ በገበሬው ዘንድ እየታወቀ መጥቷል። የዚንክ እጥረት ያለበት በቆሎ በለጋ ቅጠሎቹ ላይ ከመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ነጣ ያለ ሰፊ መስመር ያወጣል፤ ቁመቱም ያጥራል። ገበሬው ይህን አይቶ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ዚንክ ሌላ ጨው ሆኖ ከተገኘ የዚያን ዓመት ምርት ከማጣቱም በላይ «ዚንክ የሚባለው ነገር ዋጋ የለውም» ብሎ ይደመድማል። በሚቀጥለው ዓመት ትክክለኛው ቢቀርብለትም ለመግዛት ያመነታል።

አደናጋሪው ጨው በአብዛኛው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። በመድኃኒት ቤት «ኤፕሶም ጨው» በመባል የሚታወቀው ይኸው ነው። ዚንክ ሰልፌትን በዚህ ጨው መቀላቀል በሕንድ አገር የማዳበሪያ ተቆጣጣሪዎች ዘንድ በደንብ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ መልኩም አይለይም። ሁለቱም ሰባት የውኃ ሞለኪውል ሲይዙ ቀለም የለሽ ናቸው፤ የክሪስታላቸውም ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም በውኃ ውስጥ ፈጥነው ይሟሟሉ። በዓይንም ሆነ በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም። በምላስ መቅመስ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የምርመራው መሠረት

ጨው በውኃ ሲሟሟ ብረቱ በአዮን መልክ ይበተናል። የዚንክ አዮንም ሆነ የማግኒዥየም አዮን በውኃ ውስጥ አይታይም፤ ብጥብጡ እንደ ንጹሕ ውኃ ጥርት ያለ ነው። አዮኑን ለማወቅ ሌላ ኬሚካል ጨምሮ የሚያሳየውን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬሴኒየስ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥራ በሥርዓት ካስቀመጠ ወዲህ መሣሪያው ተሻሽሏል እንጂ ሐሳቡ ብዙ አልተለወጠም።

ለእኛ የሚያስፈልገው ኬሚካል ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ) ነው። ጥቂት ጠብታ ሲጨመር ዚንክም ማግኒዥየምም ነጭ ዝቃጭ ይሰጣሉ። እስከዚህ ድረስ ልዩነት የለም፤ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ አቁመው «ነጭ ሆነ፣ ዚንክ ነው» ሲሉ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሶዳው ሲበዛ ነው። የዚንክ ዝቃጭ በትርፍ ሶዳ ተመልሶ ይሟሟና ብጥብጡ ይጠራል፤ የማግኒዥየም ዝቃጭ ግን የቱንም ያህል ሶዳ ቢጨመርበት አይሟሟም።

አሠራሩ

በቅድሚያ 10 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ወደ ውኃ እየጨመሩ በማማሰል ካሟሙ በኋላ ውኃውን እስከ 100 ሚሊ ሊትር መሙላት ነው። ሶዳው ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ በሶዳ ላይ አይፈስስም፤ በኃይል ስለሚሞቅ ሊረጭ ይችላል። ዓይንን ያጠፋል፤ ስለዚህ መነጽርና ጓንት የግድ ነው። የአሉሚኒየም ዕቃ በሶዳ ስለሚበላ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ብቻ ይጠቀሙ። የተዘጋጀውን በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ በሕፃናት ሕይወት መጫወት ነው።

ከናሙናው 1 ግራም በ50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውኃ ማሟሟት፤ ከዚህም 2 ሚሊ ሊትር በሙከራ ቱቦ መውሰድ። ከሶዳው ከ3 እስከ 5 ጠብታ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ ይታያል። ከዚያም ቱቦውን እየነቀነቁ እስከ 3 ሚሊ ሊትር ድረስ በዝግታ መጨመር። ሙሉ በሙሉ ከጠራ ማግኒዥየም በሚታይ መጠን የለበትም። ነጩ እንዳለ ከቀረ ዚንክ አለ ለማለት አይቻልም።

አስቸጋሪው የተቀላቀለው ናሙና ነው። በከፊል ይጠራና ባዘቶ የመሰለ ነጭ ነገር ተንሳፍፎ ይቀራል። «በአብዛኛው ሟሟ» ብሎ ማሳለፍ አይገባም። ቱቦውን ለ10 ደቂቃ ያህል አቁሞ ዝቃጩ ወደ ታች ሲወርድ የጠራውን ከላይ በጠብታ መሳቢያ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ቱቦ መውሰድ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ በጠብታ ሲጨመር ነጭ ዝቃጭ እንደገና ብቅ ካለ፣ አሲዱ ሲበዛም ተመልሶ ከጠፋ፣ ዚንክ ከላይ ሟሙቶ ነበር ማለት ነው። ከታች የቀረው ባዘቶ ደግሞ የማግኒዥየም ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ጆንያው ሁለቱንም ይዟል።

አሉሚኒየምም ልክ እንደ ዚንክ በትርፍ ሶዳ ይሟሟል። ይህን ለመለየት ሌላ 2 ሚሊ ሊትር የናሙና ብጥብጥ ወስዶ በሶዳው ምትክ አሞኒያ ማንጠባጠብ ነው። የዚንክ ነጭ ዝቃጭ በትርፍ አሞኒያ ይጠራል፤ የአሉሚኒየም አይጠራም። ነገር ግን በአሞኒያ ብቻ ፍርድ መስጠት አደገኛ ነው። በናሙናው ውስጥ እንደ አሞኒየም ሰልፌት ያለ የአሞኒየም ጨው ካለ ማግኒዥየሙ በአሞኒያ ጨርሶ ዝቃጭ ላይሰጥ ይችላል፤ ብጥብጡም ጥርት ብሎ መርማሪውን ያታልላል። የአሞኒየም ጨው መኖሩን ሶዳው ራሱ ያጋልጣል፤ ናሙናው በሶዳ ለብ ሲል የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ይወጣል። ሁለቱ ምርመራዎች አንድ ላይ ካልተስማሙ ውጤቱ «አልታወቀም» ተብሎ ይመዝገብ።

ቀለም ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። ሰማያዊ ዝቃጭ መዳብን ያመለክታል። በአየር ላይ እየቆየ ወደ ቡናማ የሚለወጥ አረንጓዴ ዝቃጭ የብረት ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ነጣ ብሎ ቆይቶ ቡናማ የሚሆነው ደግሞ የማንጋኒዝ።

ምርመራውን የሚያሳስቱ ነገሮች

ትልቁ ጠላት ውኃው ነው። የጉድጓድና የምንጭ ውኃ ካልሲየምና ማግኒዥየም ስለሚይዝ ያለ ምንም ናሙና ከሶዳ ጋር ሊደፈርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ንጹሕ ዚንክ ያቀረበ ነጋዴ በከንቱ ሊወነጀል ይችላል። ዲስቲልድ ውኃ ከታጣ በንጹሕ ፕላስቲክ ዕቃ በቀጥታ ከሰማይ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ይሻላል፤ ከጣሪያ የወረደው ግን አይሆንም፤ የቆርቆሮ ሽፋን ራሱ ዚንክ ነውና። ሶዳውም ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ኃይሉ ይደክማል፤ ወደ ካርቦኔትም ይለወጣል።

ስለሆነም በእያንዳንዱ ምርመራ ሦስት ተጨማሪ ቱቦዎች ጎን ለጎን ይቁሙ፦ ውኃ ብቻ፣ ማንነቱ የታወቀ ዚንክ ሰልፌት፣ ማንነቱ የታወቀ ማግኒዥየም ሰልፌት። ውኃው ከደፈረሰ የዕለቱ ውጤት ሁሉ ይሰረዛል። በእኛ አስተያየት ሠራተኛው አስቀድሞ 9 እጅ ዚንክ ሰልፌትና 1 እጅ ማግኒዥየም ሰልፌት በክብደት ቀላቅሎ ቢለማመድ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ትንሿ ባዘቶ ምን እንደምትመስል ዓይኑ ይለምዳል።

ውጤቱ የሚናገረውና የማይናገረው

ይህ ምርመራ የትኛው ብረት እንዳለ እንጂ ምን ያህል እንዳለ አይነግርም። ሰባት የውኃ ሞለኪውል ያለው ንጹሕ ዚንክ ሰልፌት 22.7 በመቶ ያህል ዚንክ ሲይዝ አንድ የውኃ ሞለኪውል ያለው 36 በመቶ ያህል ይይዛል። በቱቦ ውስጥ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጠባይ ስላላቸው በጆንያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያሻል። የጎደለው መጠን ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ሲታይ፣ 21 በመቶ ዚንክ ካለው ጨው 25 ኪሎ ግራም 5.25 ኪሎ ግራም ዚንክ ይሰጣል። ሲሶው በማግኒዥየም ሰልፌት ከተተካ ግን 3.5 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ትክክለኛውን መጠን የሚወስነው ሙሉ መሣሪያ ያለው ላብራቶሪ ነው። ዚንክ የተቀላቀለባቸው የፎስፌት ማዳበሪያዎች በዚህ ዘዴ አይመረመሩም፤ ፎስፌቱ ዝቃጩን ያዛባል።

ናሙናው የሚወሰደው የዕቃ መረከቢያው ሰነድ ሳይፈረም ነው። ከአንድ ጆንያ አፍ ብቻ መውሰድ ትርጉም የለውም፤ ከተለያዩ ጆንያዎች ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተወስዶ በንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ይደባለቃል። ከዚያም በሦስት ተከፍሎ ሻጩ ወይም ወኪሉ ባለበት ይታሸጋል፤ አንዱ ለላብራቶሪ፣ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለሻጩ። በየከረጢቱ ላይ ቀኑ፣ የጆንያዎቹ ቁጥርና የሁለቱ ወገኖች ፊርማ ይሰፍራል። የቱቦው ውጤት ጥርጣሬ ካስነሳ ዕቃው ሳይከፋፈል ለብቻው ተለይቶ ይቆይ፤ የላብራቶሪው ወረቀት እስኪመጣ ድረስ በስብሰባ ላይ የነጋዴውን ስም ማንሳት ተገቢ አይደለም። የምርመራው ትራፊ ከምንጭና ከጉድጓድ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል።